ጥቂት ሚዛን፣ ብዙ እውነት

አሥር ያልታወቁ ቁጥሮችን ለማግኘት አሥር እኩልዮሽ ያሻል ተብለን ተምረናል። ነገር ግን በገሱባ ገበያ አሥር ካርቶን ሳሙና ቀረበ እንበል። የአንዱ ካርቶን ሳሙና እያንዳንዱ 90፣ የቀሩት 100 ግራም ናቸው። ከአንደኛው 1፣ ከሁለተኛው 2፣ እንዲሁ እስከ አሥረኛው 10 አውጥተን ባንድነት ስንመዝን ከ5500 ግራም 30 ቢጎድል፣ ጉድለኛው ሦስተኛው ነው። የጉድለቱ መጠን ካልታወቀ ግን አንድ ሚዛን አይበቃም።

በዚህ ሐሳብ የኤም.አር.አይ. መሣሪያ በሽተኛን የሚያስተኛበት ጊዜ አጥሯል። ሆኖም ወሰን አለው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ዉ እና ቬርዱ የተባሉ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ አብዛኛው ዜሮ ለሆነ ረዥም የዕድል ምልክት የልኬቱ ብዛት ዜሮ ካልሆኑት ብዛት በታች ሊወርድ አይችልም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንግዲህ ሕጉን በቃል ከመያዝ ይልቅ ምክንያቱን እንመርምር። ዕውቀት ልኬትን ይቆጥባል፤ ወሰኑን ሳያውቁ ልኬት ማሳነስ ግን ድፍረት እንጂ ጥበብ አይደለም።