ስሙ የይርጋጨፌ፣ ላቡ የገደብ፣ ብሩ የማን?!

ግዙፉ የአሜሪካ ኩባንያ አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 «ፕሪፒር» በምትባል፣ አምስት ሠራተኞች ብቻ ባሏት ድርጅት ላይ ተነሣ። ጥፋቷ ምን ነበር? ፒር የሚባለውን ፍሬ አርማዋ ማድረጓ! «ቅጠሉ የኔን ፖም ቅጠል ይመስላል» አለ አፕል። በ2021 ድርጅቷ የቅጠሉን ቅርጽ ለወጠችና ነገሩ በስምምነት በረደ። ልብ በሉ! ሀብታሞቹ ለአንዲት ቅጠል እንዲህ ይሟገታሉ። እኛስ ለሙሉ ስማችን?

«ተሟግተናል» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ስታርባክስ ግን ቀድሞ በ2004 «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበትን የራሱን ምልክት አቅርቦ ኖሯል! ስታርባክስ አባል የሆነበት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም ተቃወመን። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ። ኦክስፋም መብቱ ቢከበር በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ሊያስገኝ ይችላል አለ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ተፈራረምን፤ ተጨበጨበ።

ከጭብጨባው በኋላስ? ስሞቹ ለውጭ ነጋዴዎች የተሰጡት ያለ ክፍያ ነው። ለስሙ ሰባራ ሳንቲም የለም!

እስቲ ከዲላ ተነሥታችሁ ይርጋጨፌንና ጨለለቅቱን አልፋችሁ ገደብ ግቡ። ወርቃን፣ ባንኮ ጎቲቲን፣ ጨልበሳን ተመልከቱ። ገበሬው በእንሰትና በጥላ ዛፍ ሥር ያሳደገውን ቀይ እሸት ለቅሞ፣ ተሸክሞ፣ ማጠቢያ ጣቢያ ድረስ ወስዶ በኪሎ ይሸጣል። በቃ፣ ስሙም አብሮ ከእጁ ወጣ! ባሕር ማዶ ከረጢቱ ላይ «ይርጋጨፌ፣ ገደብ» ተብሎ ሲቸበቸብ፣ ለስሙ ተብሎ ተለይቶ ገበሬው እጅ የሚገባ ገንዘብ የለም። «ገደብ» ራሱ ያኔ ከቀረቡት ሦስት ስሞች ውስጥ አልነበረም። የምልክቱ ባለቤት መንግሥት፣ ተጠቃሚው ነጋዴ፣ ገበሬው ተመልካች! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

«ክፍያ ብንጠይቅ ገዢ ይሸሽ ነበር፤ ስሙ ሲታወቅ ዋጋው ራሱ ይወጣል» የሚል መከራከሪያ አለ። ደግ፣ ዋጋው ይውጣ! ግን የወጣው ዋጋ ገደብ ድረስ ወርዶ እንደሆነ ገበሬው በምን ይወቅ? ባለቤት ነኝ ያለ ሒሳብ ማሳየት አለበት።

ስለዚህ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን እንጠይቃለን። በስሙ የሚነግዱት እነማን እንደሆኑና ምን ያህል እንደሸጡ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። ከተጨመረው ዋጋ ስንቱ ለገበሬው እንደደረሰ በቁጥር ይነገር። ገደብም በራሱ ስም ከለላ ያግኝ።

አፕል ለቅጠል እንቅልፍ አጥቷል። ፍሬው የኛ ሆኖ ሳለ እኛ እስከ መቼ እንተኛለን?!