«ወንድ ነው፣ ይችላል!»

መቼም እንግዳ የሄደበትን ቤት አመል ይለምዳል። በ2025 መጸው ላይ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖረው እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ጨዋታውም የእነሱ ነውና።) የዚያ ቤት አመል የአሜሪካን ፉትቦል ነው። የእህቴ ባል ዋሽንግተን ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። የከተማዋን ቡድን፣ የዛሬውን ኮማንደርስ፣ ሬድስኪንስ ይባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ይደግፋል። ቡድኑ በ2020 የድሮ ስሙን ጣለ፣ በ2022 አዲስ ስም አወጣ፤ አማቼ ግን ንቅንቅ አላለም። «ስሙን ቀየረ እንጂ እኛን ማቃጠሉን አልተወም» ይላል።

ኖቬምበር 2 ማታ ቡድኑ ከሲያትል ጋር ይጫወታል። ሳሎኑ በጎረቤትና በጓደኛ ሞልቷል። የአሥራ ስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ፣ እሱም በትምህርት ቤቱ ቡድን የሚጫወት፣ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። ጨዋታው ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ያልሞላ ጊዜ ቀርቶታል፤ ውጤቱ 38 ለ 7፣ የምንመራው ሳይሆን የምንመራበት። ለማያውቅ ልንገረው፤ ይህን ልዩነት በዚያች ጊዜ ውስጥ መመለስ አይታሰብም። የዋሽንግተን ወጣት ኮከብ ጄይደን ዳንኤልስ፣ ያውም ከጉዳት የተመለሰበት ምሽት ነው፣ አሁንም ሜዳ ላይ አለ። ተጋጣሚው ጎትቶ ሲጥለው በግራ እጁ መሬቱን ተደገፈ። ክርኑ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ፤ ወለቀ። ሳሎኑ ጸጥ አለ።

ጸጥታው ግን ብዙ አልቆየም። «ምን ሊሠራላቸው ነው እስካሁን ያቆዩት? ይሄ አሰልጣኝ ጤና የለውም!» ተባለ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። ልብ በሉልኝ፤ ከሩብ ሰዓት በፊት «ይህ ልጅ ቢወጣ ይሻላል» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እንዲያውም አንዱ «አይታችሁታል? ቡድኑ እየተደበደበ እሱ አይሸሽም። ወንድ ነው፣ ይችላል!» ሲል ሁላችንም አጨብጭበንለታል። እኔም ጭምር! የጨዋታውን ሕግ ከተማርኩ ሦስት ሰዓት ያልሞላኝ እኔ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

አሰልጣኙ ዳን ኩዊን ልጁን እስከዚያ ሰዓት ማቆየቱ የራሱ ስህተት መሆኑን በማግስቱ በአደባባይ አመነ። እሱስ አመነ፤ ሳሎናችን ግን አላመነም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሳሎን ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ሙግቱ ምን እንደሆነ ላስረዳ። በዚህ ጨዋታ አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በየሙከራው ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደሚሰጥ ወይም ወዴት እንደሚወረውር የሚወስነው ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ነው። ልማዱ ከጓደኞቹ አጥር ኋላ ቆሞ መወርወር ነው። አንዳንዱ ግን እግረ ፈጣን ነውና ራሱ ይዟት ይሮጣል። ሲሮጥ ደግሞ መቶ ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ያርፉበታል። የዋሽንግተን ደጋፊ ሙግት ይሄ ነው፤ ልጁ ይሩጥ ወይስ ቆሞ ይወርውር? አንዱ ወገን «ካልሮጠማ ምኑን እሱ ሆነ?» ሲል ሌላው «በጊዜ ሊጨርሱት ነው» ይላል።

ሁለቱም ሞኞች አይደሉም። ዳንኤልስ በ2024፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በእግሩ 891 ያርድ ሮጧል፤ ከእሱ በፊት ይህን ያህል የሮጠ ጀማሪ ኳርተርባክ አልነበረም። ቡድኑም 12 ጨዋታ አሸንፎ፣ 5 ተሸንፎ፣ ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ድረስ ተጉዟል። እግሩ ነው ያደረሳቸው። እንግዲህ በታክቲኩ ላይ ሲሟገቱ ቢያድሩ ደስታዬ ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ ሌላው ሙግት ነው፤ ልጁ ከተጎዳ በኋላ የሚመጣው «ማነው ጥፋተኛው?» የሚለው። ለምን ብትሉ፣ ያ ሳሎን ይህን ጥያቄ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊትም ጠይቆት ነበርና ነው። ያኔም በትክክል አልመለሰውም።

በ2012 ዋሽንግተን ሮበርት ግሪፈን የተባለ ወጣት ለማግኘት ከኪሱ አራገፈ። በዚህ ሊግ አዳዲስ ተጫዋቾች ከኮሌጅ የሚመረጡት በተራ ነው፤ የተራ መብትም እንደ ገንዘብ ይለወጣል። ዋሽንግተን ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ሰጥቶ ልጁን ወሰደ፤ ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የአራት ዓመት ውልም ፈረመለት። ልጁም አላሳፈረም። 815 ያርድ ሮጠ፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ።

ዲሴምበር 9 ቀን ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት ቀኝ ጉልበቱን ተጎዳ። ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢ ይያዝልኝ። ከርክ ከዝንስ የሚባል ተቀያሪ ገባ፤ በዚያው ዓመት በአራተኛ ዙር የተመረጠ፣ ብዙ ያልተወራለት ልጅ ነው። ቡድኑን አቻ አደረገው፤ በተጨማሪ ሰዓትም 31 ለ 28 ተሸነፈ ባልቲሞር። በሳምንቱ ግሪፈን አረፈ፣ ከዝንስ ክሊቭላንድ ላይ ከመጀመሪያው ተሰለፈ፣ 38 ለ 21 አሸነፉ። እንግዲህ «ሌላ ሰው አልነበረም» የሚባል ምክንያት ከዚህ በኋላ አይሠራም።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ጥሎ ማለፍ መጣ። ተጋጣሚው ሲያትል፣ አዎ ያው ሲያትል፤ ስታዲየሙም ላንዶቨር ያለው ያው ስታዲየም። ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ ገብቷል። ዋሽንግተን በመጀመሪያው ሩብ 14 ለ 0 መራ። በዚያው ሩብ ግን የግሪፈን ጉልበት ዳግም አመመውና ማነከስ ጀመረ። አማቼ በቪዲዮ አሳይቶኛል፤ ያን አረማመድ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን በኋላ እንደተናገረው፣ ልጁ «አሞኛል እንጂ አልተጎዳሁም» ብሎ ተማጸነው። አሰልጣኙም ተወው። በአራተኛው ሩብ ከእጁ ያመለጠች ኳስ ሊያነሳ ዞር ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ ተጣጥፎ ወደቀ። ሲያትል 24 ለ 14 አሸነፈ። የጉልበቱ ሁለት ጅማቶች በቀዶ ሕክምና ተጠገኑ፤ ያን የመጀመሪያ ዓመት ግሪፈንን ግን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ሻናሃንም በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ከ16 ጨዋታ 3 ብቻ አሸንፎ ተሰናበተ።

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ስል አማቼን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ የአሰልጣኙ ነዋ!» አለኝ ሳያመነታ።

«ቢያሸንፉስ ኖሮ?»

ዝም አለ። ደግ ሰው ነው፣ አይዋሽም። ግሪፈን ያን ቀን እያነከሰ ቢያሸንፍ ሻናሃን «ልጁን ያመነ ታላቅ አሰልጣኝ» ተብሎ ይወራለት ነበር። እንግዲያው የተቆጣነው በውሳኔው አይደለም፤ በውጤቱ ነው። ያው ውሳኔ ሲቀና ጀግንነት፣ ሲከፋ ወንጀል የሚባልበት ችሎት ምን ዓይነት ችሎት ነው? ዳኝነት ማለት ውጤቱ ሳይታወቅ፣ ልጁ ገና እያነከሰ ሳለ የሚሰጥ ነው። ሌላው ለቅሶ ቤት ነው።

አማቼ እንዲሁ አይረታም። «እሺ ጋሼ፣ ልጁስ? ራሱ አይደል እችላለሁ ያለው? አዋቂ ነው፣ ሚሊዮን ተከፍሎታል። እችላለሁ ያለውን ማን ይከልክለው?» ሲል መጣብኝ።

ይህች ናት ዋናዋ ነጥብ። እስቲ እንደ ድሮ መምህርነቴ ንግግሩን ልመርምረው። «አሞኛል እንጂ አልተጎዳሁም።» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ልዩነቱ አለ። ሕመም ባለቤቱ የሚያውቀው ነው፤ ጉዳት ግን መርማሪ የሚያውቀው ነው። ልጁ ስለ ሕመሙ መመስከር ይችላል፤ ስለ ጅማቱ መመስከር ግን አይችልም፤ አላየውማ! አሰልጣኙ የማያውቀውን ነገር የማያውቅ ሰው ጠየቀ፣ የሚፈልገውን መልስ አገኘ፣ አመነ። ደግሞስ ያ ልጅ ምን ሊል ኖሯል? 80 ሺህ ሰው ስሙን እየጠራ፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ «አልችልም፣ አውጡኝ» ይበል? እምቢ ቢል ፈሪ የሚባል ሰው እሺ ማለቱ ፈቃድ ነው ወይ? ገንዘቡም ቢሆን ጨዋታውን እንጂ ጉልበቱን አልገዛም።

ፈረንጆቹ ይህን የማያውቁ እንዳይመስላችሁ። ስለ ጭንቅላት በደንብ አውቀውታል። በ2009 ዋሽንግተን ስቴት፣ የሲያትል አገር ማለቴ ነው፣ አንድ ሕግ አወጣ፤ ጭንቅላቱን ሳይጎዳ አልቀረም ተብሎ የተጠረጠረ ተማሪ ወዲያው ይውጣ፣ ሐኪም ካልፈቀደም አይመለስ የሚል። እስከ 2014 ድረስ ሃምሳውም ስቴቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። በፕሮፌሽናሉ ሊግም ከ2013 ጀምሮ ከቡድኖቹ ውጭ የሆነ የጭንቅላት ጉዳት ባለሙያ ሜዳው ዳር ይቆማል። «እንዴት ነህ ጀግናው?» ተብሎ ተጫዋቹ አይጠየቅም፤ ይመረመራል። ታዲያ ይህ ወግ ለጉልበት ለምን ይነፈጋል? «ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ማመዛዘን አይችልም፣ ጉልበቱን የተመታ ግን ይችላል» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ጭብጨባም እኮ ማመዛዘን ያሳጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ለዓመታት ፉከራና ቀረርቶ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ገዳዩን፣ ሟቹን፣ ቁስሉን እንደ ጌጥ የቆጠረውን፣ ሁሉንም አስተምሬያለሁ። «ቁስሌን ልታሰር ብዬ ተመለስኩ» ብሎ የፎከረ ግን አንድም አላጋጠመኝም። እኔም ለምን እንደሌለ ተማሪዎቼን ጠይቄ አላውቅም። እንግዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎን ውስጥ ያጨበጨብኩት በዚያው እጄ ነው።

አማቼ የመጨረሻ ጥይቱን የተኮሰው በአበበ ቢቂላ ነው። «ጋሼ፣ አበበስ? ትርፍ አንጀቱን ተቀድዶ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው አይደል እንዴ በ1964 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው?» ሳሎኑ አጨበጨበ። እውነት ነው። ነገር ግን እኛ አበሾች አበበን ስናወራ ቶኪዮ ላይ እናቆማለን። በ1968 ሜክሲኮ ላይም እኮ ነበረ! እግሩን ታሞ ጀመረ፣ ሩጫው ገና ሳይጋመስ አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ ቀጠለ፤ ወርቁንም አገኘ። አበበን በዚያ ምክንያት ፈሪ ያለው ኢትዮጵያዊ አለ? አገርስ ምን ጎደለባት? እንግዲህ ከሁለቱ የአበበ ታሪኮች ልጆቻችንን የምናስተምርበት የትኛው ነው? ቶኪዮ የአንድ ሰው ተአምር ነው፤ ተአምር ደግሞ ታክቲክ ሊሆን አይችልም። ሜክሲኮ ግን ታክቲክ ነው፤ የማይችለው ይወጣል፣ የሚችለው ይቀጥላል። ዋሽንግተን ያን ቀን ማሞ ወልዴን የመሰለ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ነበር።

ሳሎኑ ተበተነ። በማግስቱ ጠዋት ቡና ስጠጣ የእህቴ ልጅ ከፎቅ ሲወርድ ሰማሁ። ደረጃውን አንድ እግር፣ አንድ እግር እያለ ነው የሚወርደው፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ አይወርድም። ሳየው በዚያች ስብርብር አማርኛው «አጎቴ፣ ለአባዬ አትንገረው፤ ለአሰልጣኙ ይነግርብኛል፣ ቦታዬን ይወስዱብኛል» አለኝ። ቀጥሎም «አሞኛል እንጂ ምንም አልሆንኩም» አለ።

ማታ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ የሰማው ይህንን ነው። የእኛን ጭብጨባ ነው የሰማው። የእኛ ሙግት ዳንኤልስ ጋ አይደርስም፣ ሻናሃንም አይሰማንም። የሚሰማን ምንጣፉ ላይ ያለው ልጅ ነው።

ለእናቱ ነገርኳት፤ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ ልጁም ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈኝ። ይኩረፍ። አማቼን ግን አንድ ነገር አስቸግሬዋለሁ፤ በሚቀጥለው ጨዋታ አንድ ተጫዋች እያነከሰ ራሱ እጁን አንስቶ ሲወጣ ተነስቶ እንዲያጨበጭብለት፤ ውጤቱ ሳይታወቅ፣ ልጁ እያየው። «ይከብዳል ጋሼ» አለኝ። ይከብዳል። ወንድ አይደለህ፣ ትችላለህ አልኩት።