ጉንፋን ወይስ ንዳድ? የመተማ ቆላ የሚያስተምረን

«ብርድ መታኝ» ማለት ጉንፋን የያዘው ሰው ሁሉ የተለመደ ምላሽ ነው። በደጋው አገራችን ውርጩና ጉንፋኑ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚመጡ አባባሉ እውነት ይመስላል። ወደ መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ገንዳ ውሃና ወደ ቋራ ቆላ የወረደ ሰው ግን ነገሩን መልሶ መመርመር ይገባዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚወጣበት በዚያ ምድርም ሰው ያስነጥሳል፣ ያስላል። ብርድ በሌለበት ጉንፋን ካለ፣ ምንጩ ሌላ መሆን አለበት።

ምንጩ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። የሚጓዘውም በትንፋሽ ጠብታዎች ላይ ሲሆን፣ እዚህ ላይ የፊዚክስ ሕግ ይሠራል። ስፋቱ 100 ማይክሮ ሜትር የሆነ ጠብታ ከአፋችን ወጥቶ መሬት ለመድረስ ጥቂት ሰከንዶች ይበቁታል። 5 ማይክሮ ሜትር የሆነው በረጋ አየር ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንሳፈፋል፤ 1 ማይክሮ ሜትር የሆነው ደግሞ ከ10 ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። በአውሮፓ ብርድ ወራት ጉንፋን የሚበረታው አየሩ ስለሚደርቅና ሰው መስኮት ዘግቶ ስለሚሰበሰብ ጭምር ነው። በእኛ ቆላ ሰው የሚሰበሰበው በክረምትና በመጸው፣ ሰሊጥ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ጊዜ ነው። ከደጋ የሚወርዱት ወጣቶች በመኪና ታጭቀው ይጓዛሉ፤ በአንድ ጣራ ሥርም ተፋፍገው ያድራሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው መከላከያ ያለ ዋጋ የሚገኘው ነፋስ ነው። መስኮት መክፈት፣ ሲያስሉ አፍን መሸፈንና እጅን በሳሙና መታጠብ ከእርሱ ጋር ይቆጠራሉ።

አገራችን የዚህን በሽታ ክፋት በኅዳር 1911 ዓ.ም. አይታዋለች። ያን ጊዜ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ፈጀ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠሉ ልማድ ከዚያ መከራ ጋር የተያያዘ ነው። መጥረጉ የሚመሰገን ነው። ጭሱ ግን ቫይረሱን ከማባረር ይልቅ፣ በሽታን ለመመከት የተሠራውን የመተንፈሻ አካላችንን ስስ ሽፋን ይጎዳል። የማገዶ ጭስ የታፈነበት ማድ ቤትም እንዲሁ ነው።

ስለ ዳማከሴ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ ስለ ዝንጅብልና ስለ ፌጦስ ምን እንበል? እኛ እነዚህን የምንንቅ አይደለንም። ትኩስ ዝንጅብል ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ማርም ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እስካልተሰጠ ድረስ ሳልን ያስታግሳል። ሆኖም ማስታገስና መከላከል ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በሽታ የመከላከል አቅም በአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አይገነባም። የሚገነባው በበቂ እንቅልፍ፣ ጥራጥሬና አትክልት ባልተለየው ምግብ፣ በንጹሕ ውሃና በክትባት ነው።

ዋናው ጭንቀታችን ከዚህ ይጀምራል። በደጋ ትኩሳት ያለበትን ሰው «ጉንፋን ነው፣ ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽትቶ ማስተኛት ብዙ ጊዜ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። በመተማ ቆላ ግን ይኸው ልማድ ነፍስ ያጠፋል። በወባ ተደጋግሞ የተያዘ የቆላ ሰው በጊዜ ብዛት ከፊል የመከላከል አቅም ያገኛል፤ ከደጋ የወረደው ወጣት ይህ የለውም። ሰውነቱ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ለዚያ በሽታ እንግዳ ነው። ካላዛርም አለ። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳትታይ ትነድፋለች። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና መክሳት ምልክቶቹ ናቸው። በምግብ እጥረት የተዳከመ ሰው ይበልጥ ይጠቃል፤ ሳይታከም የቀረም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ሕክምናው ግን በመተማ ሆስፒታልም በጎንደርም ይሰጣል።

ስለዚህ በቆላ ትኩሳት የተሰማው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ደሙን ይመርመር። ለወጣቱ «ራስህን ጠብቅ» ማለት ብቻ ደግሞ ፍትሕ አይደለም። በባዶ ሆዱ ውሎ ያለ አጎበር ሜዳ ላይ የሚያድር ሠራተኛ የመከላከል አቅሙን ከየት ያመጣዋል? በቂ ምግብ፣ ንጹሕ ውሃ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና የዕረፍት ሰዓት ማቅረብ የእርሻው ባለቤት ግዴታ ሊሆን ይገባል እንላለን። ለዕረፍት ወደየቀያቸው የሚመለሱ ተማሪዎቻችንም ወደ ሰሊጥ እርሻ ለሚወርዱ ወንድሞቻቸው ይህን ይንገሩ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ቅጠሉን ለማወደስ ሳይሆን ጊዜውን ለማስታወስ ነው። በቆላው ምድር ጊዜው የሚጀምረው ትኩሳቱ በተሰማበት በመጀመሪያው ቀን ነው።