ማወቅ ሌላ፤ ማሳወቅ ሌላ

ብዙ ያወቀ ሰው ሁሉ ብዙ ማሳወቅ የሚችል ይመስለናል። ይህ አሳብ ግን በተፈተነ ቍጥር ሐሰት ሆኖ ሲገኝ እናያለን። በሙያው አንቱ የተባለ ሐኪም ወይም መሐንዲስ በመምህርነት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያለ የሌለ ዕውቀቱን ሲያፈስ፣ ተማሪው በበኩሉ ከእንቅልፉ ጋር ሲታገል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ትምህርቱ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ ሲሆን ጕድለቱ በመጠኑ ይጠገናል። መምህሩ የተማሪዎቹን ፊት አይቶ፣ ነገሩ እንዳልገባቸው ተረድቶ፣ በሌላ ምሳሌ መልሶ ያስረዳቸዋል። መምህሩና ተማሪው በባሕርና በየብስ ተራርቀው የሚገናኙት በኢንተርኔት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ግን ፊት አይቶ ማረም አይቻልም። ስለዚህ ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊት፣ ተማሪው በየትኛው ስፍራ ላይ እንደሚሰናከል አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ማሰብ ሙያው የሆነውን ሰው የትምህርት ነዳፊ ብንለው ከሥራው ጋር ይስማማል።

በዛሬው ጊዜ ብዙ የውጭ አገር ዩኒቬርሲቲዎች በዚህ ሙያ፣ በተለይም ለጐልማሶችና በኢንተርኔት ለሚሰጥ ትምህርት በሚሆነው ክፍል፣ የማስተርስ ዲግሪ ይሰጣሉ። የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ በመሥሪያ ቤት የተቀጠረ ወጣትም «ይህ እውነተኛ ሙያ ነውን? ወይስ ወረቀት የሚሸጥበት አዲስ ገበያ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ገንዘቡንና ከሁሉ የሚበልጠውን የማታ ጊዜውን የሚያወጣው እርሱ ነውና።

ሙያው ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ብዙ ሺሕ ወጣቶችን ባጭር ጊዜ አሠልጥኖ አውሮፕላን ማብረርንና መሣሪያ መጠገንን ማስተማር ግድ ሆነበት። ለዚህም ሥራ የሰውን ልቡና ጠባይ የሚያጠኑ ሊቃውንት ተጠርተው ነበር። ከእነርሱም አንዱ ዶክተር ሮበርት ጋኜ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1965 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ትምህርት በሰው አእምሮ ውስጥ እንዲያዝ ምን ምን ነገር መሟላት እንዳለበት የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1975 የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቬርሲቲ ለዚያው ጦር አምስት ደረጃ ያለው የአሠራር ሥርዐት አዘጋጀ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው መልኩ መመርመር፣ መንደፍ፣ ማዘጋጀት፣ ሥራ ላይ ማዋልና መገምገም የሚል ነው። ቤት የሚሠራ ሰው በቤቱ ማን እንደሚኖርበት ሳይጠይቅ ድንጋይ እንደማይከምር ሁሉ፣ ትምህርት የሚያዘጋጅም ሰው ተማሪውን ሳያውቅ ጽሑፍ አይከምርም ማለት ነው።

ከአምስቱ ደረጃዎች ብዙ ጊዜ የሚታለፈው የመጀመሪያው ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በቅጽ አሞላል ላይ ስሕተት አበዙ እንበል። የተለመደው መፍትሔ መመሪያውን እንዳለ ገልብጦ በአዳራሽ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ማሳየት፣ ሠራተኛውን ሦስት ቀን አስቀምጦ ማንበብለትና በመጨረሻ የምስክር ወረቀት አድሎ መለያየት ነው። የትምህርት ነዳፊው ግን አስቀድሞ ሄዶ ከሠራተኛው አጠገብ ይቀመጣል። ስሕተቱ የሚበዛው በየትኛው መሥመር ላይ ነው? ሠራተኛው ሕጉን ስላላወቀ ነው፣ ወይስ ቅጹ ራሱ ስለሚያሳስት? ጥፋቱ የቅጹ ሆኖ ከተገኘ የሚያስፈልገው ቅጹን ማሻሻል እንጂ ሠራተኛውን ማስተማር አይደለም። እንግዲህ ከዚህ ሙያ ጥቅሞች አንዱ፣ ትምህርት የማያድነውን በሽታ በትምህርት ለማዳን የሚወጣውን ገንዘብ ማትረፍ ነው።

የሚማረው ሰው ጐልማሳ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጐልማሳው የቤት ኪራይ አለበት፤ ልጅ ታሞበት ይሆናል፤ አለቃው ሪፖርት ይጠብቅበታል። በሌላ ወገን ደግሞ ሕፃን የሌለው ሀብት አለው፤ ይኸውም በሥራ ያካበተው ልምድ ነው። አሜሪካዊው ሚስተር ማልኮልም ኖውልስ በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ጐልማሶች ያስረዱት ይህንኑ ነው። ጐልማሳ ለምን እንደሚማር ማወቅ ይፈልጋል፤ ልምዱ እንዲከበርለት ይሻል፤ የተማረውንም ለዛሬ ችግሩ ሊያውለው ይወዳል። አንዳንድ ሊቃውንት «ሕፃንም ቢሆን ምክንያቱን ማወቅ ይወዳል፤ ልዩነቱ የተባለውን ያህል አይደለም» ሲሉ ተከራክረዋቸዋል፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። ሆኖም የሠላሳ ዓመት ሠራተኛን እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቈጥሮ ማስተማር እንደማይገባ የሚጠራጠር ጥቂት ነው።

ይህ አሳብ በሥራ የተፈጸመበትን ስፍራ ለማየት የሚፈልግ የእንግሊዝን ኦፕን ዩኒቬርሲቲ ይመልከት። ሚስተር ሃሮልድ ዊልሰን ገና የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ሳሉ በ1963 በግላስጎው ባደረጉት ንግግር አሳቡን አቀረቡ፤ ሚስ ጄኒ ሊ በሚኒስትርነታቸው ጊዜ ብዙ ደክመውበት ዩኒቬርሲቲው በ1969 ቻርተሩን አገኘ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም በ1971 ትምህርት ጀመሩ። ለመግባት የቀድሞ የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅም ነበር። ብዙ ሰው ዩኒቬርሲቲው የታወቀው በሬድዮና በቴሌቪዥን ስላስተማረ ይመስለዋል። ነገር ግን ምሥጢሩ በሌላ ስፍራ ነው። አንድ ትምህርት የሚዘጋጀው በአንድ ፕሮፌሰር ብቻ ሳይሆን ሊቃውንቱ፣ የፕሮግራም አዘጋጆቹ፣ አርታዒዎቹና የትምህርት አሰጣጥ ባለሙያዎቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ረቂቁን እየተቻቹ ነበር። ተማሪውም ብቻውን አልተተወም፤ ሥራውን አርሞ ጕድለቱን በጽሑፍ የሚገልጽለት አስጠኚ ተመድቦለታል። ከዚህም ዩኒቬርሲቲ በርቀት ከተማሩት መካከል የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ ይገኙበታል፤ በሥልጣን ላይ ሳሉ በ1995 በንግድ ሥራ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ አግኝተዋል። ጊዜ የሌለው ሰው መማር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ መፈለግ አያሻም፤ ትምህርቱ ጊዜ ለሌለው ሰው ተብሎ የተነደፈ ይሁን እንጂ።

ንድፉ ቸል ሲባል ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በ2011 የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ሴባስቲያን ትረን ከባልደረባቸው ጋር በኢንተርኔት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለ ዋጋ ያስተማሩትን ትምህርት ከ160,000 የማያንስ ሰው ተመዘገበበት። የጨረሱት ግን ከ20,000 ጥቂት ቢበልጡ ነው። ይህም ቍጥር በራሱ ታላቅ ቢሆንም አብዛኛው መንገድ ላይ መቅረቱን ያሳያል። በ2013 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቬርሲቲ ፕሮፌሰሩ ከመሠረቱት ኩባንያ ጋር ተስማምቶ፣ በሒሳብ ደከም ያሉ ተማሪዎችን በዚሁ ዘዴ ማስተማር ጀመረ። ብዙዎቹ ስለ ወደቁ በዚያው ዓመት ሥራው እንዲቆም ተደረገ። ራሱን መምራት ለለመደ ሰው የበቃ ትምህርት፣ ደጋፊ ለሚሻ ተማሪ አልበቃም። ዶክተር ሪቻርድ ክላርክ ገና በ1983 የማስተማሪያ መሣሪያ እንደ ጭነት መኪና መሆኑን ጽፈው ነበር። መኪናው ምግቡን ያደርሳል እንጂ ምግቡን የተሻለ ምግብ አያደርገውም ማለታቸው ነው።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ2004 ገደማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት የጀመረበትን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይፈሳል፤ የክፍሉ መምህር የቀረው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ ነበር። መምህር በጠፋበት ስፍራ ጥሩ ትምህርት እንዲደርስ መታሰቡ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ማስታወሻውን ጽፎ ያልጨረሰውን ልጅ መስኮቱ ቆሞ አይጠብቀውም። በ2010 ደግሞ መንግሥት ስለ ጥራት ጕድለት የርቀት ትምህርትን አግዶ ነበር፤ ኋላ ግን ተፈቀደ። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣም በየአገሩ መምህራን በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ኢንተርኔት እንዲዛወሩ ተገደዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተደረገውን አይቶ «የኢንተርኔት ትምህርት አይረባም» ብሎ መፍረድ ግን ትክክል አይሆንም። በ2022 የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቬርሲቲ ጋር ሆኖ የመንግሥት ዩኒቬርሲቲዎችን የኢንተርኔት ትምህርት ለማጠናከር ሥራ መጀመሩ፣ ጥያቄው «እናድርገው ወይስ አናድርገው» ከሚለው አልፎ «ማን ያዘጋጀው? እንዴትስ ይዘጋጅ?» ወደሚለው መድረሱን ያመለክታል።

ታዲያ ይህን ትምህርት ሊማር የሚያስብ ወጣት ምን ይመርምር? በመጀመሪያ፣ ዲግሪው ሥራ ያሠራዋልን? አሳቡን ብቻ አስነብቦ በፈተና የሚያሰናብት ትምህርት ዋና ሳያስገቡ ዋና እንደ ማስተማር ነው። ተማሪው አንድ እውነተኛ ትምህርት ነድፎ፣ በእውነተኛ ጐልማሶች ላይ ሞክሮ፣ ያልሠራለትን አርሞ መመረቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ የሚያስተምሩት ነገር በምርምር የተፈተነ ነውን? «አንዱ ተማሪ በዐይኑ፣ ሌላው በጆሮው ይማራል፤ ስለዚህ ለየስልቱ ይዘጋጅለት» የሚለው አሳብ በብዙ ስፍራ እንደ እውነት ይሰበካል። በ2008 አራት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማስረጃውን መርምረው ለዚህ የሚበቃ ድጋፍ እንዳላገኙ አስታውቀዋል። በሌላ በኩል በ2006 ዶክተር ሮዲገርና ዶክተር ካርፒክ ባደረጉት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ መጽሐፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። የመጀመሪያውን እያስተማረ ሁለተኛውን የሚዘነጋ ትምህርት ቤት ካለ ከዚያ መራቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ራሱ እንዴት ይሰጣል? በካናዳ የሚገኘው አትባስካ ዩኒቬርሲቲ ከ1994 ጀምሮ የርቀት ትምህርትን የማስተርስ ዲግሪ ራሱን በርቀት አስተምሯል። ይህ መልካም ፈተና ነው። ስለ ጐልማሳ ተማሪ የሚያስተምር ሰው የራሱን ጐልማሳ ተማሪ ደብዳቤ ሳይመልስ ወር ካሳለፈ፣ የሚሰብከውን አያምንበትም።

አራተኛውንና ለእኛ ዋነኛ የሆነውን ጥያቄ ማንም የውጭ ዩኒቬርሲቲ አይመልስልንም። በሀብታም አገር የሚነደፈው ትምህርት ኮምፒዩተር በየቤቱ እንዳለና መሥመሩ እንደማይቋረጥ አድርጎ ያስባል። የእኛ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ ይማራል፤ የኢንተርኔት ሒሳቡን በካርድ ይሞላል፤ መብራት ሲጠፋ ያቋርጣል። ለዚህ ሰው ረዥም ቪዲዮ ከማዘጋጀት ይልቅ አንድ ጊዜ አውርዶት ያለ ኢንተርኔት የሚያነበው አጭር ጽሑፍ፣ ራሱን የሚፈትንበት ጥያቄና መልስ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጥያቄውን የሚሰማ አስጠኚ ይበልጥበታል። የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው፤ በአማርኛ በግልጽ የሚነገረውን ነገር በማይገባ እንግሊዝኛ ማክበድ ትምህርቱን አያስከብረውም።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው። ዲግሪው ለሹመት ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ማታውን ከልጆቹ ጋር ቢያሳልፍ ይሻለዋል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤቱ ሥልጠና በተሰጠ ቍጥር አበል ተከፍሎ ምንም እንዳልተለወጠ አይቶ «ለምን?» ብሎ ያዘነ ወጣት ካለ፣ ሙያው የሚፈልገው እርሱን ነው። ለመጀመርም ዲግሪውን መጠበቅ አያስፈልገውም። ነገ ጧት ስሕተት ከሚያበዛው ባልደረባው አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጥና አሠራሩን ዝም ብሎ ይመልከት። የመጀመሪያው ደረጃ ያ ነው።