ሳይቃጠል በቅጠል

የሰሜን ተራሮችን ለጎብኚ የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ክረምቱን ሽሹ፣ በበጋ ኑ ይላሉ። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ጭጋጉ ገደሉን ይሸፍነዋል፣ መንገዱም ይጨቀያል። ሆኖም የተነገረን ግማሹ እውነት ብቻ ነው። ሰማዩን ያጠራው ድርቀት ጓሳውንና አስታውንም የሚያደርቀው እርሱ ራሱ ነው። የካቲትና መጋቢት ሲደርሱ፣ የምንኮራበት የጉብኝት ወቅት የእሳት ወቅትም ይሆናል። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ለጎብኚው የመንገር ግዴታ ያለበት ማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ የ2011 ዓ.ም.ን መጋቢትና ሚያዝያ እናስታውስ። ዋሊያና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ ተቃጠለ። የአካባቢው ሕዝብ ባዶ እጁን በሚባል ሁኔታ ተረባረበ። ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪመጡ ድረስ ጠበቅን። ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌ ደን ላይ ከደረሰው ታላቅ ቃጠሎ እስከዚያ ቀን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር፤ የእኛ መሣሪያ ግን አሁንም ልመና ነበር።

ብዙዎች «የሚያቃጥለው ገበሬው ነው» በማለት ነገሩን ይዘጉታል። ለግጦሽ ሲባል የሚለኮስ እሳት መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ጎብኚው ከዚህ ተጠያቂነት በምን ሒሳብ ነጻ ይወጣል? ከ3,000 ሜትር በላይ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቀን በቲሸርት የዋለ እንግዳ ማታ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ሲዘልቅ እሳት ይጠይቃል፤ እሳት የሚነድደውም በደረቅ ሣር መካከል ነው። ስለዚህ ወፍራም ልብስና የሌሊት መኝታ ከረጢት ይዞ መምጣት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ደን የማዳን ጉዳይ ነው።

አደጋው ለራሱም ነው። ቀን ነፋስ ከሸለቆው ወደ ላይ ይነፍሳል፤ እሳትም ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል። ከእሳት ፊት ዳገት መሮጥ ሞትን መቅደም አይደለም፣ መጠበቅ ነው። መሸሽ የሚገባው ወደ ጎን፣ ወደ ራቁት ድንጋይ ወይም አስቀድሞ ወደ ተቃጠለ መሬት ነው፤ ያውም ገደሉን የሚያውቀውን ስካውት ተከትሎ። ይህን ለመንገር አምስት ደቂቃ ይበቃል።

«እንግዳ እናስፈራለን» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይህ የነጋዴ ፍርሃት እንጂ የአስተናጋጅ ጨዋነት አይደለም። ቤቱ ያለበትን ጉድጓድ ለእንግዳው የማያሳይ ባለቤት እንግዳ አክባሪ አይባልም። ከዚያም በላይ፣ የተቃጠለ ተራራ የሚያስፈራውን ያህል ማስጠንቀቂያ ማንንም አያስፈራም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ከጥር እስከ ግንቦት ከመግቢያው በር ጀምሮ የዕለቱ ድርቀትና ነፋስ ይለጠፍ። በእነዚያ ወራት በሰፈሮቹ የማገዶ እሳት ይከልከል፤ ማብሰያው የጋዝ ምድጃ ይሁን። ስካውቶችና የአካባቢው ወጣቶች ሠልጥነው አካፋ፣ እሳት መምቻና የመገናኛ ሬዲዮ ይሰጣቸው። ከጎብኚ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለዚሁ ይመደብ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ቅጠል ገና በእጅ ሳለ ነው። ተራራው ከነደደ በኋላ ቅጠሉም አብሮ ነዷል።