ከኪም አንግ ወንበር በላይ የተጨመረው ወንበር

እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ማያሚ ማርሊንስ የተባለው የቤዝቦል ክለብ ኪም አንግን ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሾመ። በሰሜን አሜሪካ አራቱ ታላላቅ የወንዶች ሊጎች ከእሳቸው በፊት በዚህ ቦታ የተቀመጠች ሴት አልነበረችም። ታሪክ ተሠራ ተባለ፤ እውነትም ነበር። ከሹመታቸው ይልቅ ብዙ የሚናገረው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የለቀቁበት ምክንያት ነው።

የቤዝቦል ዋና ሥራ አስኪያጅ ሜዳ ዳር አይታይም። ተጫዋች የሚያስፈርመውና የሚለውጠው፣ አሰልጣኝ የሚቀጥረው፣ በጀቱ ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ኪም ለዚህ ሥራ የበቁት ከታች ጀምረው ነው። በ1990 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቁ ቺካጎ ዋይት ሶክስ በተለማማጅነት ገቡ። ብቃታቸው ጎልቶ የወጣው ደግሞ በደመወዝ ክርክር ነው።

ክለብና ተጫዋች በደመወዝ ካልተስማሙ ሁለቱም የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ገላጋይ ዳኞች ፊት ይቀርባሉ። ዳኞቹ መሀል ላይ ማስታረቅ አይችሉም፤ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን መምረጥ ብቻ ነው ሥራቸው። የክለቡ ተከራካሪ ነገ ማሊያውን ለብሶ የሚሰለፍለትን ተጫዋች “ይህን ያህል አይገባውም” ብሎ በማስረጃ መርታት አለበት። ኪም በ1995 በኳስ ወርዋሪው አሌክስ ፈርናንዴዝ ጉዳይ ቀርበው ረቱ፤ በሜጀር ሊግ ቤዝቦል እንዲህ ያለ ክርክር ያቀረቡ የመጀመሪያዋ ሴትም ሆኑ። በ2004፣ በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሳሉ፣ ከዚህ የከበደ ገጠማቸው። ኤሪክ ጋኜ በቀደመው ዓመት የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ ተሸልሟል፤ የቡድኑን መሪነት አስጠብቆ ጨዋታውን እንዲጨርስ 55 ጊዜ ገብቶ 55ቱንም ጨርሷል። እሱ 8 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፣ ክለቡ 5 ሚሊዮን አለ። ኪም አሸነፉ። ሙያ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ29 ዓመታቸው የኒውዮርክ ያንኪስ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆነዋል፤ ክለቡ ከ1998 እስከ 2000 በተከታታይ ሦስት ዋንጫ ያነሳውም እሳቸው እዚያ እያሉ ነው። ዶጀርስ ለዋና ሥራ አስኪያጅነት ያነጋገራቸው በ2005 ሲሆን አልተመረጡም። በዚያው ዓመት ቴክሳስ ሬንጀርስ የ28 ዓመቱን ጆን ዳንኤልስን በዚሁ ኃላፊነት ሾመ። በቀጣዮቹ ዓመታት ሌሎች ክለቦችም ኪምን ጠሯቸው፣ ጠየቋቸው፣ ሌላ ሰው ቀጠሩ። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ይህን ትዕግሥት ማድነቅ ይቻላል፤ ማስጠበቁ ግን በደል ነበር።

ማርሊንስ በ2021 67፣ በ2022 69 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ለ2023 ኪም ወርዋሪው ፓብሎ ሎፔዝን ለሚኒሶታ ትዊንስ ሰጥተው ሉዊስ አራኤዝን አመጡ፤ አራኤዝ በመምታት ብቃት የሊጉ አንደኛ ሆነ። በእሳቸው ዘመን የተቀጠረው ስኪፕ ሹማከር የሊጉ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ክለቡ 84 ጨዋታ አሸንፎ ከ2003 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ የውድድር ዘመን ተጫውቶ ጥሎ ማለፍ ገባ።

የክለቡ ባለቤት ብሩስ ሸርማን ግን ከኪም በላይ ፕሬዚዳንት ለማስቀመጥ አሰቡ፤ ለጥርጣሬ የሚሆን ምክንያትም አልጠፋም። ቡድኑ በዓመቱ ካስቆጠረው የተቆጠረበት በ57 ይበልጣል፤ በርካታ ጨዋታዎችንም ያሸነፈው በአንድ ነጥብ ልዩነት ብቻ ነው። በአስተዳደሩ ላይ ፕሬዚዳንት መሾምም በሊጉ የተለመደ አሠራር ነው። ታዲያ ፕሬዚዳንት ካስፈለገ፣ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ቡድኑን ጥሎ ማለፍ ያደረሱት ሴት ለዚያ ወንበር ምን ጎደላቸው? ሸርማን ከእሳቸው በላይ ሌላ ሰው ለማስቀመጥ ወሰኑ፤ ኪም ለ2024 የቀረበላቸውን የውል ማራዘሚያ ትተው ወጡ። ልክ አደረጉ። በሌላ ሰው ውሳኔ ስር ሆኖ ለውጤቱ ተጠያቂ መሆን ለማንም ባለሙያ አይመከርም።

ክለቡ ፒተር ቤንዲክስን በፕሬዚዳንትነት ቀጠረ፤ አራኤዝን ለሳንዲዬጎ በልውውጥ ሰጠ፤ በ2024 100 ጨዋታ ተሸነፈ። ኪም በ2025 የአዲሱ የሴቶች ሶፍትቦል ሊግ ኮሚሽነር ሆነዋል፤ ሜጀር ሊግ ቤዝቦልም በዚያ ሊግ ላይ ገንዘቡን አፍስሷል። እሳቸው ከወጡ በኋላ በተካሄዱት የ2024 እና የ2025 ውድድሮች ግን ከሜጀር ሊጉ 30 ክለቦች በአንዱም ሴት ዋና ሥራ አስኪያጅ አልነበረችም።