አሮጌ ቺፕ ከመጣሉ በፊት

እንዳ ኢየሱስ ሲባል አብዛኛው የታሪክ ተማሪ የሚያስታውሰው በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የመሸገበትንና እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስይዘው በውኃ ጥም ያስጨነቁትን ስፍራ ነው። ዛሬ በዚሁ አካባቢ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ይሰጣል። ምሕንድስና በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ፣ እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን፣ ያረጁ ኮምፒዩተሮች አቧራ ለብሰው ተቆልለው መታየታቸው የተለመደ ነው። ብዙዎች ቦታ ከማጣበብ በቀር የማይጠቅሙ አድርገው ይቆጥሯቸዋል። በእኔ አስተያየት ግን ከመጣላቸው በፊት በውስጣቸው ያሉት ቺፖች ተለቅመው በማይክሮስኮፕ ሥር ለተማሪዎች ሊታዩ ይገባል።

«ስለምን አሮጌው? ዘመናዊውን መመልከት አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ያለው ከብርሃን ጠባይ ዘንድ ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከዚህ እጅግ ያነሰን ነገር በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። በዛሬው የእጅ ስልክ ቺፕ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች ስለታጨቁ ዝርዝሩ ከዚህ ልክ በታች ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ግን 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ብቻ ነበሩት። የተሠራበትም ልክ 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የሰው ጠጉር ውፍረት አንድ ዐሥረኛ ገደማ ነበር። በ1978 የተከተለው 8086 ወደ 29,000 ትራንዚስተሮች ቢይዝም ልኩ ገና 3 ማይክሮሜትር ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ቺፕ እንደ መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። እንዲያውም ከ4004 ንድፍ አውጪዎች አንዱ የሆነው ፌዴሪኮ ፋጂን የስሙን መነሻ ፊደላት በቺፑ ላይ ስላሰፈረ፣ ፊደላቱ እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ከእንዳ ኢየሱስ ከፍታ ላይ ሆኖ መቀሌን ቁልቁል የሚመለከት ሰው አውራ ጎዳናውን ከመንደሩ፣ መንደሩን ከገበያው ይለያል። ቺፕም ሲታይ እንዲሁ ነው። በዳርቻው ቀጫጭን ሽቦዎች የተያያዙባቸው አራት ማዕዘን ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። በአንድ ወገን እንደ እርሻ ትልም እኩል የተሰመረ ቦታ ካለ፣ ያ አብዛኛውን ጊዜ የማስታወሻው ክፍል ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቅማ ሆኖ የሚታየው ኅብር ደግሞ የተቀባ ቀለም አይደለም። በሲሊከኑ ላይ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን የሚፈጥረው ነው፤ በውኃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ኅብረ ቀለም እንደሚያሳይ ማለት ነው። ትራንዚስተር ምን እንደሆነ በቃሉ የሸመደደ ተማሪ ይህን ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ ከፈተና ጥያቄ ይበልጣል።

እርግጥ ነው፣ ቺፕን መክፈት አደጋ አለው። የፕላስቲክ ልባስ የሚሟሟው በትኩስ ናይትሪክ አሲድ ስለሆነ ተማሪ ፈጽሞ ሊሞክረው አይገባም። ደግነቱ ሳይከፈት የሚታይ ቺፕ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዶቭ ፍሮማን የፈለሰፈው ኢፕሮም የተባለው ማስታወሻ በአልትራቫዮሌት ጨረር እንዲሰረዝ ሲባል በጀርባው የኳርትዝ መስኮት ተደርጎለታል። (ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ጋና ሄዶ በኩማሲ አስተምሯል።) በ1980ዎቹ በተሠሩ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይህ ቺፕ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ መስኮቱን የሸፈነውን ወረቀት መላጥ ብቻ ይበቃል። የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ ከሥር ስለሚያበራና ብርሃኑ በሲሊከን ስለማያልፍ፣ በአነስተኛ ማጉያ ከጎን በባትሪ ማብራት ያስፈልጋል። የማዕድን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ ካለ ግን ብርሃኑን ከላይ ስለሚሰጥ የበለጠ ይመቻል።

በትግራይ በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለተጎዱ ይህ ሐሳብ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ቤተ ሙከራው ባዶ ለሆነበት መምህር ከዚህ የረከሰ መሣሪያ አይታየኝም። መምህራን ከመጋዘን ኃላፊዎች ጋር ተነጋግረው፣ ዕቃው ለውድማ ከመመዝገቡ በፊት መስኮት ያላቸውን ቺፖች በካርቶን ቢያስቀምጡ፣ ዩኒቨርሲቲውም በወር አንድ ቅዳሜ ማይክሮስኮፑን ለአካባቢው የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ቢፈቅድ ሥራው ሊጀመር ይችላል።